የፕሮጀክት ኦፊሰር ልሁን ወይስ ባለሁበት ልቅር? (ከባሕር ዳር)

ሰላም ለሁላችሁ። ክሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ምላሹ ስለበዛና አዲስ የሚገባ ሰው መነሻው ስለሚጠፋበት፣ በተራ ቁጥር እየጠቀስኩ በራሴ አነጋገር ላሳጥረው። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። መሐል ላይ የራሴን ብጨምር ቅር አይበላችሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምሬ ከጨረስኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። እዚሁ ከተማ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕግ ባለሙያ ነኝ። ደመወዙን ታውቁታላችሁ፤ ከቤት ኪራይ ለባጃጅ የሚተርፍ ካለ ተመስገን ነው። ባለፈው ወር ተወዳድሬ አንድ ቦታ አለፍኩ። የውጭ አገር የሰብአዊ መብት ድርጅት ከአገር ውስጥ አጋር ጋር የሚሠራው ፕሮጀክት ነው። ቲኦአሩ (የሥራ ዝርዝሩ) እንደሚለው በጣና ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች ሴቶችን በመሬትና በጋብቻ መብት አሠለጥናለሁ፣ አቤቱታ እመዘግባለሁ፣ ከፍትሕ አካላት ጋር አገናኛለሁ፣ በየሦስት ወሩ ሪፖርት እጽፋለሁ። ኮንትራቱ የአንድ ዓመት ነው። ገንዘብ ከተገኘ ይታደሳል። ደመወዙ አሁን ከማገኘው አራት እጥፍ ነው። እናቴ ግን ቋሚ ሥራ ተጥሎ የት ይኬዳል ብላ ምግብ አልበላም አለች። እናም ጠየቅኩ፦ ይህ ሥራ በእውነቱ ምንድን ነው? ልግባ?

1ኛው እንኳን ደስ አለሽ ብሎ ወጣ። አልተመለሰም።

2ኛዋ በቀጥታ ሒሳብ ውስጥ ገባች። አራት እጥፍ በሚለው አትታለዪ አለች። የላይኛው እርከን ግብር 35 በመቶ ነው፣ ለጡረታ ካንቺ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ ከአሠሪው 11 ይጨመራል፣ ስለዚህ እጅሽ የሚገባውን አስልተሽ ድረሽበት። ቀጥላ የጠየቀችኝን እኔ በሕልሜም አላሰብኩትም። ደመወዙ በብር የተቆረጠ ነው ወይስ ከዶላሩ ጋር የሚሄድ? ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ እሷ ኮንትራት ላይ ነበረች። ዶላሩ 57 ብር ገደማ የነበረው ከ100 ዘለለ። ለጋሹ የሚልከው ገንዘብ ሲመነዘር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ የሠራተኛው ደመወዝ ግን እዚያው ቆሞ ቀረ። ትርፉ ወርክሾፕ ሆነ ብላለች። ጤፉስ ቆሞ ይጠብቃል?

3ኛው ጠበቃ ነው፣ እሱም ራሱ ነግሮናል፣ ሁለቴ። የአንድ ዓመት ኮንትራት ማለት መብት የለም ማለት እንዳልሆነ አስተካከለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ይመለከትሻል፣ የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ የመጀመሪያው ዓመት እረፍት 16 የሥራ ቀን ነው እያለ ዘረዘረ። መጨረሻ ላይ ሕግ ተምሬ ይህን መጠየቄ እንደገረመው ጨመረበት። እኔ የምተዳደረው በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ነው ብዬ ልመልስለት ጀምሬ ተውኩት። አፍሬ ነው።

4ኛው ያወቀውን በራሱ ደርሶበት ነው ያወቀው። ጥር 2017 የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ሲታገድ እሱ ፊልድ ላይ ነበር። የፕሮጀክቱ ገንዘብ ከዚያ ነበር የሚመጣው። የሦስት ቀን ሥልጠና ሁለተኛ ቀን ላይ ተደውሎ ሁሉን አቁም ተባለ። ምሳ ታዟል፣ ሰዎቹ ከሩቅ ቀበሌ በእግር መጥተዋል፣ የመመለሻቸው ትራንስፖርት አልተከፈለም። ከኪሱ ከፈለ። የተመለሰለት ነገር የለም። ለጠበቃው የጻፈለት አንድ አረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ገንዘቡ ሲደርቅ አዋጁን ማን ላይ ትጠቅሰዋለህ የሚል መንፈስ ያለው። 3ኛው ተመልሶ መጥቶ ስለ ስንብት ክፍያ አስረዳ። ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፣ ግን ሰውየው የጠየቀው ይህን አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ሞቀ። 5ኛው ሰብአዊ መብት የሚባለው ራሱ የፈረንጅ ዕቃ ነው፣ እናንተም ተላላኪዎች ናችሁ፣ ችግራችንን በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ሸጣችሁ በፐርዲየም፣ በመስክ አበል፣ ቤት ሠራችሁ አለ። ስድቡን ዘልዬዋለሁ።

6ኛዋ ሳትሳደብ ነው የመለሰችለት። እ.ኤ.አ. በ1948 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሁሉ አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫን ሲያጸድቅ ድጋፍ የሰጡት 48 አገሮች ነበሩ፤ አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ከአፍሪካ ግብፅና ላይቤሪያም አብረው ነበሩ፤ የደቡብ አፍሪካ የነጮች መንግሥት ግን ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 ላይ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል፤ አንቀጽ 13 ደግሞ የመብት ድንጋጌዎቹ ከዚያ መግለጫ ጋር ተጣጥመው እንዲተረጎሙ ያዛል። እና ዕቃው የማን ነው? ብላ ጠየቀችው። ስለ ፐርዲየሙ ግን አልተከራከረችውም። እሱ ላይ ትንሽ እውነት አለ ብላ አለፈች፤ ይህ ደግሞ ከነገረችን ሁሉ የበለጠ እንዳምናት አደረገኝ።

7ኛው ምላሽ የአንድ ትልቅ ሰው ነው። ጋሼ በሉኝ አላሉም፣ ግን ከዚያ ወዲህ ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የሚጠራቸው። እኔም እንደዚያው። ጋሼ በዚህ ሥራ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይተዋል። እናንተ ዛሬ ስለ ደመወዝ ትጨቃጨቃላችሁ፣ ሥራው ራሱ ያልነበረበት ጊዜ ነበር አሉ። አዋጅ 621/2001 ሲወጣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት ላይ መሥራት ተከለከለ። አገር ውስጥ ለመብት ሥራ የሚያዋጣ ሰው ስንት አለ? ለቤተ ክርስቲያን፣ ለዕድር፣ ለታመመ ሰው እናዋጣለን፤ ለአቤቱታ መመዝገቢያ የሚያዋጣ አላዩም። የሚሠሩበት ቢሮ ስሙን ቀይሮ የእናቶች ጤናና የውኃ ጉድጓድ ላይ ገባ። ጋሼም ጠበቃ ሆነው ሲሚንቶ ሲቆጥሩ ከረሙ። በዚያ ላይ 70/30 የሚባለው ነበር፤ ከወጪው 30 በመቶ ብቻ ለአስተዳደር። ችግሩ ቁጥሩ ሳይሆን አስተዳደር የሚባለው ነገር ነበር፣ ለሥልጠናና ለክትትል የሚወጣው ነዳጅ ሳይቀር እዚያ ውስጥ ይገባ ነበር ይላሉ። አዋጅ 1113/2011 ሲመጣ የ10 በመቶው ነገር ተነሣ፣ የአስተዳደር ወጪው ጣሪያ 20 በመቶ ሆነ፣ ሥራውም ተመለሰ። እሳቸው ግን በዚያ መሐል ያሠለጠኗቸው ልጆች ተበትነው ቀርተዋል። አንዱ አሁን ባጃጅ አለው።

ለምን ኢሰመጉ አልገቡም ብሎ የጠየቃቸው 8ኛው ነው፤ የመንግሥት ስለሆነ ገንዘብ አያጣም ብሎ። እዚህ ላይ አምስት ሰው ተንጫጫ። ላሳጥረው፦ ኢሰመኮ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ነው። በአዋጅ 210/1992 የተቋቋመ የመንግሥት ተቋም ነው፣ ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት። ኢሰመጉ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ ነው፤ ከ1984 ጀምሮ ያለ፣ አባላት ያቋቋሙት ድርጅት። ያ የ621 ዘመን ደግሞ ኢሰመጉን ነው የጎዳው፤ የባንክ ሒሳቡ ታግዶ አብዛኛውን ቅርንጫፍ ዘግቷል። አንድ ፊደል ነው ልዩነቱ፣ ግን ተሳስቶ ሲቪ የላከ ሰው አውቃለሁ። (እኔ ራሴ ነኝ።)

13ኛዋ የፋይናንስ ሠራተኛ ናት። እስካሁን ሥራው ምንድን ነው ያልኩትን የመለሰልኝ ሰው የለም ብዬ ሳጉረመርም ነው የመጣችው። ሥራሽ ወረቀት ነው አለችኝ። ማመልከቻ፣ የመግባቢያ ሰነድ፣ ሎግፍሬም (የፕሮጀክቱ ግብና መለኪያ ሠንጠረዥ)፣ የተሳታፊ ፊርማ፣ ደረሰኝ። አንድ ጊዜ የደረሰባትን ጻፈች። ከደሴት በጀልባ የመጡ ሴቶች የትራንስፖርት አበል ሲወስዱ ብዙዎቹ በአሻራ ፈረሙ። የጀልባው ባለቤት ደረሰኝ የለውም፤ በጣና ላይ ሰው የሚያሻግር ሰው የካሽ ሬጅስተር ማሽን ከየት ያመጣል? ከውጭ የመጣው ኦዲተር አሻራውን አይቶ ሁሉም አንድ ይመስላሉ አለ። በዚህ ምክንያት ብሩ ተቀባይነት የሌለው ወጪ ተብሎ ከሚቀጥለው ክፍያ ተቀነሰ። ከዚያ ወዲህ ከአሻራው ጎን የቀበሌ ማኅተም ታስመታለች። ስለዚህ ምክሯ፣ መጀመሪያ ቀን ከፋይናንሷ ጋር ቡና ጠጪ። ሁለተኛው ምክር፣ ሥልጠናን ረቡዕና ዓርብ አድርገሽ ሥጋ እንዳታዢ። አንዱ ከአዲስ አበባ ሆኖ ምሳውን በስልክ አዞ አርባ ሰው ዳቦ በሻይ በልቶ ሄዷል።

14ኛው አስተርጓሚ ሆኖ የጀመረ፣ አሁን ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ነው። ጽሑፉ ረጅም ነው፣ ግን አንብቡት። እሱ የሚለው ወረቀቱ ውስጥ ያለው ቃልና ሰው አፍ ላይ ያለው ቃል አይገናኙም ነው። በሥልጠናው ባለመብትና ባለግዴታ እንላለን። ሴትዮዋ ግን የምትለው በደል ነው፤ ተበደልኩ፣ አቤት የምልበት አጣሁ። የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን የተለጠፈበት የይዞታ ደብተር ሳጥን ውስጥ አላት፣ ባልየው ግን መሬቱን ሳይነግራት ለሌላ ሰው አከራይቶታል። ቀበሌው ጋ ስትሄድ ታረቁ ይሏታል፣ ሽማግሌዎቹም ታረቁ ይሏታል። ይህ ሁሉ በሪፖርቱ ሠንጠረዥ ላይ አንድ ቁጥር ነው። ስንት ሴቶች ግንዛቤ አገኙ በሚለው ሥር። ኢትዮጵያ ኅዳር 2017 ጄኔቫ ላይ በሁሉን አቀፍ ወቅታዊ ግምገማ (የተባበሩት መንግሥታት የየአገሩን የሰብአዊ መብት አያያዝ በሚያይበት) ስትቀርብ ድርጅቶች ትይዩ ሪፖርት ይልኩ ነበር። አንድ ድርጅት ብቻውን ሲልክ ጣሪያው 2,815 ቃል ነው፤ ተባብረው ሲልኩ 5,630። እሱ ከሁለት ዓመት ማስታወሻ ላይ ለአካባቢው የደረሰው ግማሽ ገጽ ነበር። የትኛውን በደል ጥሎ የትኛውን እንደሚያስቀር ሲመርጥ ያደረበትን ሌሊት ጽፏል። እሱን እዚህ አልደግመውም።

ይኸው ሰው ስለ ኢንተርኔቱም አነሣ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ሪፖርት በፍላሽ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ለሚሄድ ሰው ኤርፖርት በር ላይ ይሰጥ ነበር። 15ኛው እዚህ ጋ ገብቶ ፍላሹ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። 14ኛው እስካሁን አልመለሰም።

ከ16 እስከ 20 ያለውን መዝለል ትችላላችሁ። አንዷ ወርክሾፕ ሁልጊዜ ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል ለምን ይሆናል አለች፣ ሌላው ለዓሳው ነው አለ፣ ከዚያ ቆሮሶ ይሻላል አምባዛ የሚል ክርክር ተነሣ። 18ኛው እምቦጩ ዳሩን ከወረረው ወዲህ ዓሣ አስጋሪው ታንኳውን ማውጣት እንዳቃተው፣ ይህም ራሱ የመብት ጉዳይ እንደሆነ ጻፈ። ጥሩ ነጥብ ነበር። ማንም አላነሣለትም፣ ለብለብ ላይ ነበሩ።

21ኛዋ ግን ሁሉንም ጸጥ አሰኘች። የምትሠራበትን ድርጅት ስም አልጠራችም፣ እኔም አልጠይቃትም። በአንድ ሥልጠና ላይ ጉዳይዋን የተናገረች ሴት ፎቶ ተነሣች። ፎቶ መነሣቷን ተስማምታለች፣ ቅጹ ላይ አሻራዋ አለ። ከወራት በኋላ ያ ፎቶ በትልቁ ታትሞ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰቀለ፣ ከሥሩም ታሪኳ በአጭሩ። ስሟ ተቀይሯል። ፊቷ ግን ፊቷ ነው። በአዳራሹ ከተጋበዙት ውስጥ የባሏ ዘመድ ነበረ። ሴትዮዋ ከመንደሩ ወጥታ እህቷ ቤት ገባች። 21ኛዋ ያኔ ፕሮጀክት ኦፊሰር ነበረች፤ ቅጹን በአማርኛ አንብባ ያስፈረመቻት እሷ ናት። አነበብኩላት እንጂ የት እንደሚሰቀል እኔም አላውቅም ነበር ይላል የጻፈችው።

22ኛው ቅጹ ላይ ፈቃድ ካለ ድርጅቱ አይጠየቅም ብሎ መጣ፣ ለጋሾችም ያለ ፎቶ ገንዘብ እንደማይሰጡ አስረዳ። 21ኛዋ ሳትሆን 6ኛዋ ናት የመለሰችለት፣ በዚህ ጊዜ ግን በትሕትና አይደለም። ፈቃድ ማለት ሰውየው ምን ሊከተል እንደሚችል አውቆ የሚሰጠው ነገር ነው፤ አሻራ ያስነካኸው ወረቀት ፈቃድ ከሆነ መሬቷን የነጠቋትም ወረቀት ነበራቸው አለችው። 22ኛው ስሜታዊ አትሁኚ አላት። ጋሼ መሐል ገብተው ልጆች አሉ። ሁለት ምላሽ በአወያዩ ተሰርዟል፣ ምን እንደነበረ አልነግራችሁም።

24ኛው ሾፌር ነው። ለራሴ ስል በደንብ የምጽፈው የእሱን ነው። አሥራ አንድ ዓመት የኤንጂኦ መኪና ነድቷል፣ አሁን የራሱ ሚኒባስ አለው። ስለ ፎቶው ተከራከራችሁ፣ ስለ መኪናው ማንም አላነሣም አለ። ነጭ ላንድ ክሩዘር፣ በሩ ላይ አርማ፣ ጣሪያው ላይ አንቴና። ያ መኪና አንዲት ሴት ደጅ ላይ ለሃያ ደቂቃ ከቆመ መንደሩ በሙሉ አቤት ማለቷን ያውቃል። ስሟን ብትደብቂ፣ ፋይሉን ብትቆልፊ፣ ምን ዋጋ አለው? ሕፃናቱ እኮ መኪናውን እየተከተሉ ይሮጣሉ። ኦፊሰሮቹ ጭቃ ስለሚፈሩ በሩ ድረስ አድርሰን ይሉት ነበር። እሱ አንድ ቀን መንገዱ አያስገባም ብሎ ዋሸ። ወፍጮ ቤቱ ጋ አቆመ። ወፍጮ ቤት ሁሉም ሰው ይሄዳል፣ ማን ለምን እንደመጣ አይታወቅም። ሴቶቹ እህል ይዘው ይመጣሉ፣ ተራ እስኪደርስ ይቀመጣሉ፣ የወፍጮው ጩኸት ወሬውን ይሸፍነዋል። ከዚያ ወዲህ ሁሌ መንገዱ አያስገባም ይል ነበር። በሪፖርቱ ላይ የመንገድ ችግር ተብሎ በየሦስት ወሩ ተጽፏል።

25ኛዋ 21ኛዋ ራሷ ናት፣ ተመልሳ መጥታ የጻፈችው ወንድሜ የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው።

26ኛው እና ልጅቷ ትግባ አትግባ ብሎ ወደ ጥያቄዬ መለሰን። 2ኛዋ ገንዘቡን ካጣራች ትግባ አለች። 4ኛው የስድስት ወር አስቤዛ የሚሆን ሳታስቀምጥ አትግባ አለ። 5ኛው ደግሞ፣ እመኑኝ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ የምታቆም ከሆነ ትግባ አለ። ጋሼ እናትሽን ይዘሽ ሂጂና ወረዳውን አሳያት ብለዋል። አልሞከርኩትም ገና።

28 ላይ የጻፍኩት የኔ ነው። ለድርጅቱ ኢሜይል ላክሁ። ሁለት ጥያቄ ነው ያለው፦ ደመወዙ ምንዛሬ ሲለወጥ ይስተካከላል ወይ? ለአቤቱታ ምዝገባ ስንሄድስ መኪናው የት ነው የሚቆመው? በማግሥቱ መልስ መጣ። ለመጀመሪያው ሁለት አንቀጽ ሙሉ ማብራሪያ አለው፣ በየስድስት ወሩ ይታያል ይላል። ሁለተኛውን ግን አልገባንም፣ ጥያቄሽን ግልጽ አድርጊልን ብለዋል።

አሁን የሾፌሩን ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩላቸው ነው። ወፍጮ ቤት ላይ ደርሻለሁ።